በሰላምታ መቅደም

ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ገና መተዋወቃቸው ነበር።

“ቀበሌ ሱቅ፣ የስኳር ሰልፍ ላይ ቀደመችኝ ብዬ ጎረቤቴን ስድስት ወር ዘጋኋት።”

“ውይ!”

“የንስሐ አባቴ፣ ‘መቅደም ከወደድሽ ሰባት ቀን በሰላምታ ቅደሚያት’ አሉኝ። ‘አባ፣ መቶ ስግደት ይሻለኛል’ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ።”

“ታዲያ ቀደምሻት?”

“የት አባቴ! ለካ የንስሐ አባታችን አንድ ናቸው፤ ለሷም ይህንኑ አዘዋታል።”

“በስመ አብ!”

“ዛሬ በማለዳ በሯ ላይ ቆሜ ብጠብቅ ብጠብቅ አልወጣችም። ታማ ይሆን ብዬ ልቤ ቀጥ አለ። ለካ ቀድማኝ ወጥታለች፤ ከኋላዬ ‘እንዴት አደርሽ!’ ብላ ጮኸችብኝ። ተቃቅፈን በሳቅ ፈረስን።”

“እሰይ፣ ታረቃችሁ!”

“ኧረ ወዲያ! ነገ ዶሮ ሳይጮህ ነው የምነሳው።”

ጊዮርጊስ ጋ ስወርድ፣ ካኮረፈችኝ ሳምንት ያለፋት ሚስቴ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደምትነሳ ማስታወስ አቃተኝ።