ውርጭ ያደረበት ብልቃጥ

(ደብረ ብርሃን፣ በኅዳር ወር አንድ ምሽት፣ ወይዘሮ የሺመቤት ቤት። የልጃቸው ባል ይርዳው ይመጣል ተብሎ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ልጃቸው አስካለ ከአማቷ ከእትዬ አልጣሽ ደብቃ እዚህ ታስቀምጠው የነበረውን የመፀነሻ መርፌ ባዶ ካርቶን ልትጥል ይዛ ቆማለች።)

አስካለ፦ እማዬ፣ ይሄ ካርቶን ለምንድን ነው የተሸበሸበው?

የሺመቤት፦ ባዶ ካርቶን ምን ታገላብጫለሽ፣ ጣይው። ይርዳው መምጫው ደርሷል። ወጡን አሁን ላሙቀው ወይስ ሲገባ?

አስካለ፦ ውሃ ገብቶበት የደረቀ ነው። ተመልከቺው፣ ቀለሙ ሁሉ ለቋል። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ነገር እንዲህ ይሆናል?

የሺመቤት፦ እርጥበት ነዋ። ዛሬ ከሐኪሙ የሰማሽው አልበቃ ብሎሽ ነው ደግሞ ለካርቶን የምታዝኚው?

አስካለ፦ ያን ሁሉ ማታ እየመጣሁ ስወጋ አንድ ቀን ካርቶኑን አላየሁትም። አንቺ ብልቃጡን በሻሽ ጠቅልለሽ ታመጪልኛለሽ፣ ሆዴ ላይ እወጋለሁ፣ እትዬ አልጣሽ ሳይጠረጥሩ ወደ ቤት እሮጣለሁ። አሁን ልጥለው ስል ገና አየሁት። ውሃው ከየት መጣ?

የሺመቤት፦ ያኔ ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል ይሆናል።

አስካለ፦ መብራት ጠፍቶ ነበር?

የሺመቤት፦ በእኛ በኩል ነው የጠፋው፣ እናንተ ጋ አልደረሰም። መድኃኒቱን አምጥተሽ የሰጠሽኝ ሰሞን ነው፣ መወጋት ሳትጀምሪ።

አስካለ፦ ታዲያ መድኃኒቱን ምን አደረግሽው?

የሺመቤት፦ ምን አደርገዋለሁ? ሙቀት ከነካው አለቀልን፣ ከቅዝቃዜ እንዳይወጣ ብለሽ አስምለሽኝ የለ። ፍሪጁ ጸጥ ሲል እንቅልፍ ከየት ይምጣ። እኔን ታውቂኛለሽ፣ ልቤ ክፉ ክፉውን ለማሰብ አይሰንፍም። ቤት ውስጥ ከሰል አለ፣ የሰው ትንፋሽ አለ። ብረት ድስት ውስጥ ውሃ አድርጌ፣ ካርቶኑን በላስቲክ ጠቅልዬ ነከርኩና በጓሮ በኩል መስኮቱ ደፍ ላይ አሳደርኩት። ድመት እንዳይነካው ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። ላስቲኩ ቀዳዳ ኖሮት ይሆናል።

አስካለ፦ ውጭ? በኅዳር?

የሺመቤት፦ ምን ችግር አለው? የዚህ አገር ሰው ሥጋውንም ወተቱንም እዚያው አይደል የሚያሳድረው? አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያንን ፍሪጅ የገዛ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ "ለዓሣ ጃንጥላ ገዛለት" ብሎ ስቆበታል።

አስካለ፦ ጠዋት ስታነሺው እንዴት ነበር?

የሺመቤት፦ ደህና ነበር። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

አስካለ፦ ለምን ደስ አለሽ?

የሺመቤት፦ ውሃው በረዶ ሠርቶ ነበራ። በማንኪያ ቆርቁሬ ነው ያወጣሁት። ፍሪጅ እንኳ እንዲህ አይዝም ብዬ አማተብኩ። መብራት እስኪመጣ ድረስ በየሌሊቱ እዚያው አሳደርኩት።

አስካለ፦ እማዬ።

የሺመቤት፦ ምን አጠፋሁ? ቀዝቃዛ ይሁን አልሽ፣ ቀዘቀዘ።

አስካለ፦ ቀዝቃዛ ነው ያልኩሽ፣ በረዶ አላልኩሽም። ይሄውልሽ፣ ካርቶኑ ላይ ሥዕሉ አለ። በረዶ ነው፣ በላዩ ላይ ተሰርዞበታል። በረዶ አይንካው ማለት ነው።

የሺመቤት፦ ይሄ ነው በረዶ? ይሄማ አበባ ነው።

አስካለ፦ አበባ?

የሺመቤት፦ ስድስት ቅጠል ያለው አበባ። የኛ ውርጭ መቼ እንዲህ ያምራል? አበባ አጠገብ አይቀመጥ ማለት መስሎኝ የፕላስቲክ አበባዬን እንኳ ከፍሪጁ ላይ አውርጃለሁ። ይሄው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። አስካለ፣ ምን እየሳቅሽ ነው? ወይስ እያለቀስሽ ነው?

አስካለ፦ አላውቅም። ቆይ፣ ለሐኪሙ ነርስ ልደውልላት።

የሺመቤት፦ ደውይ፣ ደውይ። እኔ እንደሆነ አውቄዋለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እመብርሃን፣ በሌላ በማንም እጅ ይሁን፣ በእኔ እጅ አይሁን... ምን አለች? ፊትሽን አታዙሪብኝ። ክፉውን አስቀድሚና ንገሪኝ።

አስካለ፦ አንዴ በረዶ የሆነ መድኃኒት ኃይል የለውም አለች። ውሃ ነው ስትወጊ የከረምሽው አለችኝ።

የሺመቤት፦ ገደልኩሽ።

አስካለ፦ ቁጭ በይ።

የሺመቤት፦ ሆድሽ ወንፊት እስኪመስል ድረስ፣ ለውሃ? ጠላት ቢሆን እንዲህ አድርጎ ያስባል? ሌላዋ እናት ልጇን ከልጅ ልጅ ጋር ታቅፋለች፣ እኔ በድስት ከድኜ፣ ድንጋይ ጭኜ...

አስካለ፦ ቁጭ በይ አልኩሽ። ስሚኝ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ሐኪሙ ምን አለ ብዬ ነው የነገርኩሽ?

የሺመቤት፦ እንዴት ብዬ ልድገመው።

አስካለ፦ እኔ ልድገመው። አልትራሳውንዱን አየና ይሄን ሁሉ መርፌ ተወግታ አንድም ካላደገ የራሷ እንቁላል አልቋል ማለት ነው አለ። ውጭ አገር ሄዳችሁ ሌላ ሴት በለገሰችው እንቁላል መሞከር ነው፣ ካልሆነም መተው ነው አለን። ይርዳው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ተነሳሁ። ጥፋተኛ ስሙ ሲጠራ ምን ይላል?

የሺመቤት፦ የሌላ ሴት እንቁላል ያልሽኝ ጊዜ ነው ተስፋዬ የተቆረጠው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አስካለ፦ አሁን ነርሷ ምን እንዳለች ልንገርሽ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ያየነው የመድኃኒቱን መድከም እንጂ የአንቺን አይደለም፣ እንደ አዲስ መጀመር አለበት አለች። ተስፋ እንዳታበዢ፣ ዕድሜም አለ ብላኛለች።

የሺመቤት፦ አልገባኝም።

አስካለ፦ አላለቀ ይሆናል ማለት ነው። እኔ አይደለሁም ይሆናል፣ እማዬ።

የሺመቤት፦ እኔ ነኝ።

አስካለ፦ አዎ። አንቺ ነሽ። እንዲህ ደስ የሚል ነገር ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።

የሺመቤት፦ በእናት ጥፋት ደስ የሚላት ልጅ አሁን አየሁ። እንግዲህ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በይ ስልኩን አንሺ፣ ለይርዳው ደውይ።

አስካለ፦ አልደውልም።

የሺመቤት፦ ምን ማለት ነው አልደውልም?

አስካለ፦ ይምጣ። ከአውቶቡስ ስንወርድ ምን አለኝ? ለእናቴ ልንገራትና ማታ መጥቼ እወስድሻለሁ አለ። እትዬ አልጣሽ ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ። የመርፌውን ነገር ሳይሰሙ እንኳ፣ ጠበሉ እንቢ ካለ የወንድ ልጅ ዘር በሴት አይቀርም፣ ከውጭ ይውለድና አስካለ ታሳድገው ብለው ነግረውታል። እኔ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ለእንባው ምክንያት አላጣሁም።

የሺመቤት፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ይርዳውስ ምን መለሰ?

አስካለ፦ ሳል ያዘው።

የሺመቤት፦ ሳል?

አስካለ፦ እናቱ ፊት መልስ ሲያጣ ይስላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቂዋለሽ። ዛሬ መንገዱን ሁሉ ቦርሳዬን ጉልበቱ ላይ ይዞልኝ መጣ። ደብረ ብርሃን እስክንገባ አንድ ጊዜ ሳያስቀምጥ። ቃል ግን አልወጣውም።

የሺመቤት፦ ታዲያ ንገሪውና ቃል ይውጣው። አሁን እኮ እናቱ ፊት መካን አገባህ እየተባለ ነው። አንቺ እዚህ እውነቱን ታቅፈሽ ትቀመጫለሽ?

አስካለ፦ ለዚያ ነው የማልነግረው። አሁን የሚያውቀው መካን መሆኔን ብቻ ነው። በዚህ ከመጣ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንሂድ ካለኝ፣ ያኔ ሁሉንም እነግረዋለሁ። የአንቺንም ድስት።

የሺመቤት፦ ሰው እንዲህ አይፈተንም ልጄ። ፈጣሪ እንኳ አብርሃምን ሲፈትን በጉን ከዛፉ ሥር ደብቆለት ነው።

አስካለ፦ እኔስ? በጉ ይኸው፣ በካርቶን።

የሺመቤት፦ ምላስሽ የአባትሽ ነው። የእኔን ፍርሃት ግን ለምን አልወረስሽም? እኔ ልንገርሽ የሚሆነውን። ነገ አልጣሽ ይሰማሉ። የሴትዮዋ ልጅ ብቻ አይደለችም የማትረባው፣ እናቲቱም መድኃኒት ታበላሻለች ይላሉ። ጠበል እየጠጣች በጎን መርፌ ስትወጋ ከረመች ይላሉ። እድሩ ሁሉ ያወራዋል። ወሬው ሳይቀድመኝ እኔው ያንን ድስቱ ላይ የጫንኩትን ድንጋይ ተሸክሜ ደጃቸው እወድቃለሁ። በልጅዎ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄን አትግፉብኝ እላለሁ።

አስካለ፦ በዚህ ጉልበትሽ ድንጋይ?

የሺመቤት፦ ትንሽ ድንጋይ ናት። ደግሞስ አባቶቻችን ደም ያፈሰሰውን ሰው በድንጋይ አይደል ያስታረቁት?

አስካለ፦ አንቺ ደም አላፈሰስሽም። ወተት እንደምታሳድሪው አሳደርሽው እንጂ። ልጅሽ እንዳይሞቅባት ስትጨነቂ በረደባት፣ ይኸው ነው።

የሺመቤት፦ ባጃጅ ቆመ መሰለኝ።

አስካለ፦ ጎረቤት ነው። በሩ ሲከፈት ሰማሁት።

የሺመቤት፦ በሩን ልዝጋው እንዴ፣ ብርዱ እየገባ ነው። ግን ተዘግቶ ሲያየው ቅር ይለዋል። ቁልፉ ደግሞ እንደምታውቂው ብቻውን አይዝም፣ ከኋላው ካልተደገፈ ነፋስ ይከፍተዋል። ወጡን ለሁለተኛ ጊዜ አሞቅኩት። ሦስተኛ ከሞቀ ወጥ አይባልም... ስልክሽ ነው?

አስካለ፦ መልእክት ነው።

የሺመቤት፦ እሱ ነው? አንብቢልኝ። ለራስሽ አታንብቢው፣ ለእኔ አንብቢልኝ።

አስካለ፦ "እማዬ አልቅሳ አልቅሳ አሟታል። ዛሬ እዚሁ ልደር። ነገ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ።"

የሺመቤት፦ ሰዎች?

አስካለ፦ ሰዎች ይላል።

የሺመቤት፦ ሽማግሌ ነዋ። ሚስቱን ለመውሰድ ሽማግሌ ምን ያደርግለታል? ሽማግሌ ሲጋቡም ይመጣል፣ ሲፋቱም ይመጣል።

አስካለ፦ ወይም በመሃል ይመጣል። ከውጭ ወልዶ ሲያመጣ እሺ በይ ለማለት።

የሺመቤት፦ አሁን ደውይ። አስካለ፣ ስለ እኔ ብለሽ። አንድ ቃል ብቻ፣ መድኃኒቱ ነው የተበላሸው፣ አስካለ አይደለችም በይው። እየሮጠ ነው የሚመጣው።

አስካለ፦ እየሮጠ እንደሚመጣማ አውቃለሁ። ወደ እንቁላሌ ነው የሚሮጠው። እኔ እዚያ ስላለሁ አብሮ ያገኘኛል እንጂ።

የሺመቤት፦ ታዲያ ቢሆንስ? ስንቱ ሴት ለልጇ ስትል ታግሣ የለ? ያለ ባልሽ ፊርማ ሐኪሙ እንደገና አይጀምርልሽም። ዕድሜሽ ቆሞ አይጠብቅሽም። ዛሬ ብትነግሪው ከሰዎቹ በፊት ትደርሺበታለሽ። ነገ ከተናገሩ በኋላ ቃል አይመለስም።

አስካለ፦ አውቃለሁ።

የሺመቤት፦ ካወቅሽማ የባሰ ነው። እኔ መድኃኒትሽን ውጭ ያሳደርኩት ሳላውቅ ነው። አንቺ ተስፋሽን እያወቅሽ ውጭ ልታሳድሪው ነው?

አስካለ፦ ነጠላሽን ልበሺ፣ ብርዱ እየገባ ነው።

የሺመቤት፦ መልሽልኝ እንጂ። ነጠላዬን ተዪው።

አስካለ፦ ተስፋዬ ከእኔ ጋር እቤት ነው ያለው፣ እማዬ። እንደ ድሮው ትንሽ ነው፣ ግን እቤት ነው። ዛሬ ውጭ የሚያድረው ይርዳው ነው።

የሺመቤት፦ ወሩ ደግሞ ኅዳር ነው።

አስካለ፦ ኅዳር ነው። ጠዋት ሲመጣ ኃይል ተርፎት እንደሆነ እናያለን። ከሰዎቹ ቀድሞ፣ ብቻውን፣ አንድ ቃል ከአፉ ከወጣ እነግረዋለሁ። ከሳለ ግን አልነግረውም።

የሺመቤት፦ ቢስልስ?

አስካለ፦ ቢስል፣ እሱ ባይፈርምም የራሴን የምወስነው እኔ ነኝ፤ የሚሆነው ይሁን።

የሺመቤት፦ እኔ ሌሊቱን አልተኛም።

አስካለ፦ መቼ ተኝተሽ ታውቂያለሽ? ምግቡን ክደኚውና በሩን ቆልፊ።

የሺመቤት፦ ምናልባት ሐሳቡን ቢቀይር፣ ሲያንኳኳ ባንሰማው...

አስካለ፦ ቆልፊው።

የሺመቤት፦ እሺ። ይሄው ቆለፍኩ። አላልኩሽም፣ ብቻውን አይዝም፣ ይነቃነቃል።

አስካለ፦ ያንን ድንጋይ ወዲህ አምጪው።

የሺመቤት፦ የትኛውን? አልጣሽ ደጅ የምወስደውን?

አስካለ፦ እሱን። ከበሩ ሥር ደግፊበት። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ድንጋይ የሚሸከም የለም።