«ሊምፕ» የሚለው ወረቀት

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ልጄ ሀሊማ ስድስት ወሯ ነበር። ትኩሳት ሲጠናባት ደሎ መና ክሊኒክ፣ ድሬሰሩ የጤና ረዳት ጋ ወሰድናት፤ ምንም ሳያብራራ ወደ ጎባ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት በእንግሊዝኛ ጽፎ ሰጠን። ስምንተኛ ክፍል የደረስኩ ነኝና ከፍቼ አየሁት። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የማውቀው ቃል «ሊምፕ» ብቻ ሆነ፤ ማነከስ ማለት ነው። ገና ያልዳኸች ልጅ እንዴት ታነክሳለች? ግራ ቢገባኝም ለሚስቴ፣ «እግሯን ነው አሉ፤ ስታድግ ታነክሳለች» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ! ታንክስ፣ ብቻ ትኑርልኝ» አለች።

የዕለቱ የጭነት መኪና ሞልቶ ነበር። ሾፌሩን መለመን ትቼ ነገ እንሄዳለን አልኩ።

በማግስቱ ጎባ ስንደርስ ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠና ፊቷን ሸፈነው። «ጓድ፣ ምነው ትናንት አልመጣችሁ? ዝልፍልፍ ብላለች ተብሎ ተጽፎልሃል እኮ!»

«የቱ ጋ?»

ጣቱን «ሊምፕ» ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ማነከስ አይደለም እንዴ?»

«እሱም ነው፤ ይሄም ነው» አለኝ።

አንድ ቃል እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? እስካሁን አልገባኝም። ለቀስተኛ «ምን አግኝቷት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሚስቴ «እግሯን» ትላለች። አላረምኳትም።