አርባው የካካዎ ችግኝ

ሄሎ… አዎ፣ ገብረዝጊ ነኝ፣ የችግኝ ቤቱ ጠባቂ… ደመላሽ? የቴፒው? ከመይ ኣለኻ ሓወይ… እግዚአብሔር ይመስገን።

— ፍሬወይኒ ጓለይ፣ በሩን ግጠሚው፣ ነፋስ ይገባል።

ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… የምርመራው ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ሁለቴ አነበብኩት። ችግኞቹ ንጹሕ ናቸው… አርባውም። አንድ አልጎደለም።

… ታለቅሳለህ እንዴ? አልቅስ እንጂ። የካካዎ እርሻህን በበሽታ ምክንያት ነቅለህ ያቃጠልክ ሰው ነህ።

… ለዚህ አይደል ከውጭ ሲመጡ መቀሌ ያስቀመጧቸው? እዚህ ካካዎ የለም። ቢታመሙ እንኳ በሽታው የሚሄድበት ዛፍ አያገኝም። ሁለት ዓመት ጠበቅኳቸው። ውሃ ሲጠፋ በጀሪካን ተሸክሜ የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ወጣሁ።

… አዎ፣ ሊቃጠሉ ነበር። አዲሱ ቅጠል ቀይ ሆኖ ሲወጣ ፍሬወይኒ «በሽታ ነው፣ ይቃጠሉ» ብላ መዝገቡ ላይ ጻፈች።

— አትሳቂ፣ ጽፈሻል።

እሷ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ ናት፣ እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ። የችግኝ ቤቱ ቁልፍ ግን እኔ ኪስ ነበር። ትንሽ ቀን ስጪኝ አልኳት። በየቀዩ ቅጠል ክር አሰርኩ። በሚካኤል ቀይ የነበረው በመድኃኔዓለም አረንጓዴ ሆነ። የታመመ ቢሆን ቅላቱ የቅጠሉ ጅማቶች ላይ ይቀር ነበር… የለም፣ የምቆጥረው በታቦት ነው። አሁን እሷም መዝገቡ ላይ «በሚካኤል» ብላ ትጽፋለች።

… ቸኮላት? ወተት ካለው ተወው፣ ጾም ነው… ከእነዚህ ዛፎች ሲሠራ ላክልኝ… አምስት ዓመት? እቆያለሁ።

… የት ነህ?… በር ላይ? ከአውሮፕላን ወርደህ በቀጥታ?

— ፍሬወይኒ፣ በመስኮት እዪው። ጫማው ምን ይመስላል?… ጭቃ አለበት?

ደመላሽ፣ እርሻ የምትገባበትን ጫማ ነው ያደረግከው?… እንግዲያው እንዳትነቃነቅ… አውቃለሁ፣ ሁለት ዓመት ጠብቀሃል። እኔም ጠብቄያለሁ። ያ የታመመ እርሻ አፈር እዚህ አይገባም… ሥራ አስኪያጁም ቢያዝዝ አይገባም።

… ጫማህን አውልቅ። ካልሲውንም… ቤተ ክርስቲያን ስትገባ አታወልቅም? እንደዚያው ነው… ድንጋዩ ይቆረቁራል፣ አዎ። ይቆርቁርህ።

… አወለቅክ? እጅህንም በቧንቧው ታጠብ… በል፣ ግባ። ልከፍትልህ መጣሁ። ስልኩን ዘጋሁት።