ማታ ማታ ሰው የሚሆነው ጅብ

ጅብ ሆኖ ሰውን ማሳቅ ይቻላል? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁም። ጥያቄውን ያመጡብኝ እዚህ እስራኤል ውስጥ ከክርያት አታ ወደ ሐይፋ በሚሄደው ታክሲ ከኋላዬ የተቀመጡ እናትና ልጅ ናቸው፤ ልጅቷ እናቷን በዕብራይስጥ “ኢማ” ትላታለች።

“ኢማ፣ ፊልም ላይ ልሠራ ነው። ከአንድ አስቂኝ የአስማት ልብ ወለድ የተወሰደ ነው።”

“ማንን ሆነሽ?”

“ጅብ።”

“አገር ቤት እኛን ቤተ እስራኤሎችን ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ እያሉ በነፃ ሲሰድቡን ኖሩ። እዚህ ደግሞ ከፍለው?”

“ሜካፑ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል።”

“እዚያ እንኳ ባንድ አፍታ ነበር የምንሆነው፣ እነሱ እንደሚሉት።”

“የመጽሐፉ ጅብ እኮ ሌላ ነው። ማታ ማታ ሰው ይሆናል። ጎረቤቶቹ ጅቦች እንዳያውቁበት ይደበቃል።”

“ምስኪን። ምን ይላል ታዲያ?”

“መጽሐፉ ላይ ብዙ ያወራል። ፊልሙ ላይ ግን ወሬውን ቆርጠውት አንዴ ብቻ ይስቃል።”

“ለምን?”

“ፊልሙ እንዳይረዝም።”

“መልስ የምትሰጫቸው ዛሬ ነው?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ንግግሩን ካልመለሳችሁለት እናቴ አልፈቀደችም በያቸው።”

“ቤሰደር፣ እሺ ኢማ።”

በልጅነቴ ከገበያ ጅብ ብለው እንዳባረሩኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ለልጄ ነገርኳት።