ስልኩን ያልሰማው ቆጣሪ

ከቦዲቲ ወደ ሶዶ በሚኒባስ ስንሄድ ከፊቴ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ስልክ ተቀባይና የማረፊያውን ዌብሳይት የሠራው ወጣት። ጆሮዬ እንደ ዓይኔ አልደከመም።

«ወንድሜ፣ በአንተ ዌብሳይት ምክንያት ከሥራ ልወጣ ነው።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«እንግዳው ሁሉ በዌብሳይት እየመጣ ስልክ ተቀባይ ምን ያደርጋል አሉኝ የማረፊያው ባለቤት ጋሼ።»

«ዌብሳይቱ ላይ ያለው የእንግዳ ቆጣሪ እንደዚያ ነው የሚለው። ክፍል የያዘ ሁሉ ፎርሙን ዌብሳይቱ ላይ ሞልቷል።»

«ማን ሞላው?»

«እንግዳው ነዋ።»

«የቱ እንግዳ? እሱ ይደውልልኛል፤ ስሙን ጠይቄ የምሞላለት እኔ ነኝ!»

«አንቺ? ዌብሳይቱ ላይ?»

«ደብተር ይቅር፣ እዚያ ሙዪ ያሉኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ያ ቆጣሪህ ስልክ ሲጮህ አይሰማም?»

«አይሰማም። ፎርም ሲላክ ብቻ ነው የሚቆጥረው።»

«ለመሆኑ ሞክረኸዋል?»

«ራሴ ሞልቼ ሞከርኩት። ሲቆጥር ጊዜ ትክክል ነው ብዬ ተውኩት።»

«አንተንም እንግዳ ብሎ ቆጠረህ ማለት ነዋ!»

ወጣቱ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እህቴ። አሁኑኑ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ጋሼ ስልኩን አንሥተው ወጣቱ «ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ» እስኪል ድረስ ግን «ወራጅ አለ» አላልኩም።