ሐኪሙ ያልማለው መሐላ

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አስተረጉም ነበር። አንድ ቀን የአሊዩ አምባዋ በርበሬ ነጋዴ እትዬ ዘሀራ ደም እየፈሰሳቸው መጡ። ጣሊያኑ ሐኪም መርምሮ፣ «የማህፀን በር ነቀርሳ ነው፤ ግን ገና ነው፣ ከቦታው አልወጣም። አሁኑኑ አዲስ አበባ ሄደው ኦፕራሲዮን ቢደረጉ ይድናሉ ብዬ አምናለሁ» አለ። ነገርኳቸው።

«ወላሂ ብሎ ይማልልኝና እሄዳለሁ» አሉ። ሐኪሙ «በሰው ሕይወት አልምልም» አለኝ። እኔ ግን እንዳይቀሩ ፈርቼ «ምሏል!» አልኳቸው። እትዬ ዘሀራ ብድግ ብለው ወደ በሩ አመሩ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ። ስፈትነው ነበር፤ ገበያ ላይ ቶሎ የሚምል ሰው፣ ሚዛን ላይ እንዲከብድለት በርበሬው ላይ ውሃ የረጨ ነው።»

ደንግጬ ሐኪሙ እንዳልማለ፣ የዋሸሁት እኔ መሆኔን ተናዘዝኩ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«እሱን አመንኩት። አንተ ዋሾ፣ መኪናው መቼ ነው የሚነሳው?»