የቦቄ ጆሮ

ዲና የመጣችው ለወተት ነበር። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባች ገና ወሯ ነው፤ የከብት ሐኪም መሆኗን ሰፈሩ አልሰማም፣ ይሄ ሰፈር ደግሞ የማይሰማው ነገር የለም። ጋሽ መኩሪያ በር ላይ ስትደርስ ጎረቤታቸው ደጀኔ ቢላዋ ይስላል። ቅርጫውን በሆዱ መድቦ ጨርሷል።

"ዛሬ ወተት የለም የኔ ልጅ" አሏት ጋሽ መኩሪያ። "ቦቄ ትናንት ወልዳ ዛሬ ወደቀችብኝ። ሳትበክት እንባርካት ብለን ነው።"

ድሮ ማሳቸው የነበረው ሁሉ ዛሬ ፎቅ ነው። ከዚያ ሁሉ ከብት የቀረቻቸው ቦቄ ብቻ ናት፤ ነፍሷን ይማርና ሚስታቸው ዘርፌ በጡጦ ያሳደገቻት። ሲያልቧት የዘርፌን እንጉርጉሮ ካላሰሟት ወተት አትለቅም።

ዲና ጎንበስ ብላ የላሟን ጆሮ ዳበሰች። በረዶ ነው። አንገቷም ወደ ጎኗ ታጥፏል።

"ብርድ ነው" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "ፌጦ በጥብጬ ልግታት ብዬ ነበር።"

"እንዳያደርጉት። መዋጥ አትችልም፤ ሳንባዋ ገብቶ ይገድላታል። ብርድም አይደለም ጋሽዬ። ወተቱ ካልሲየሟን አሟጦ ወሰደባት። ያለሱ ጡንቻ አይሠራም፤ ልብም ጡንቻ ነው። የከብት ሐኪም ነኝ፤ ላክማት።"

"አንቺ ሳትወለጂ ከብት አርብቻለሁ።"

"እንዲህ የወደቁትንስ ምን አደረጓቸው?"

"አረድናቸው።"

"ሁሉንም?"

ጋሽ መኩሪያ ቦቄን ቁልቁል አዩዋት። የቦቄ አያት ትዝ አለቻቸው። እሷም በወለደች ማግስት ነበር የወደቀችው። ዘርፌ አትረዷት ብላ ለምናቸው ነበር፤ አልሰሟትም፤ ሳምንት ሙሉ አኩርፋቸዋለች።

"እናንተ ስታወሩ ትሞትና ማንም ሳይቀምሳት ይቀራል" አለ ደጀኔ።

"አንተ ቢላዋህን አስቀምጥ" አሉት። ወደ ዲና ዞሩ። "ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?"

"ግማሽ ሰዓት።"

ሮጣ መድኃኒቷን አመጣች። ካልሲየሙን በላሟ አንገት ደም ሥር ቀስ በቀስ ስታወርድላት የልብ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አልነቀለችም።

"ምነው ቶሎ ብትጨርሺው?" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

"ከቸኮልኩ ልቧ ይቆማል። ምቱ ሲዛባ አቆማለሁ፣ ሲረጋ እቀጥላለሁ።"

ቦቄ ተንቀጠቀጠች። አገሳች። እበቷን ጣለችና ተንገዳግዳ ቆመች። ደጀኔ ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ፤ ሚስቱ ድስቱን ጥዳ ነበር አሉ።

"ብታርዷት የአንድ ቀን ሥጋ ነበረች" አለች ዲና። "አሁን ግን ጥጃዋ እናት አላት፣ ሰፈሩም ወተት። ሌላ ጊዜም ስትወልድ ሦስት ቀን ጠዋት ማታ ጆሮዋን ይዳብሱ፣ ጡቷንም አሟጠው አይለቡ። ጆሮዋ ከቀዘቀዘ ሳትወድቅ ይጥሩኝ። በሽታው ነገም ሊመለስባት ስለሚችል አይለዩዋት።"

"ያኔ ብትኖሪ ኖሮ" አሉና ቀሪውን ዋጡት። የላሟን ጆሮ ይዘው ማንጎራጎር ጀመሩ።

ዲና ሳቋ አመለጣት። "ድምፅዎ ግን አያምርም፣ ጋሽዬ።"

"ዘርፌም እንደዚሁ ትለኝ ነበር" አሉ፤ ጆሮው እጃቸው ውስጥ እየሞቀ ነበር።